ዳዶ ላይ የጥፍር ቀለም

እኔ ጥፍሬን ተቀብቼ አላውቅም። ግራሶ ያልገባበት ጥፍር አለኝ ከተባለም የእግሬ ነው። ግን ከቱታዬ ኪስ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ባለ ሱቋ በሄድኩ ቁጥር ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ታሳየኝና፣ "አንቺ፣ ይሄን ነገር ትጠጪዋለሽ እንዴ?" ትለኛለች። እስቃለሁ። ምን ልበላት? አባቴ የሠራውን ሁሉ ከጀርባው እየፈታሁ እንደገና እሠራለሁ፣ ከዚያ በሱ ቀለም አትምበታለሁ ልበላት?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔና አባቴ ሞተር ሳይክልና ስኩተር እንጠግናለን። ኢንጂን ግን አንነካም፤ ለሱ ሌላ ሰው ሞልቷል። የኛ ሥራ መሪው፣ መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ የፊት እግሩ፣ የኋላ ሞላው፣ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚወስደው ካቴና ነው። "ኢንጂን ቢበላሽ ሰው ይቆማል፤ መሪ ቢበላሽ ግን አይቆምም፣ ጣጣው እሱ ነው" ይላል አባቴ፣ ለሰማውም ላልሰማውም።

ደንበኞች "ጋሽ ሁለት ጣት" ይሉታል። መሪ ሲያስተካክል የፊት ጎማውን ከመሬት ያነሳና ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን በሁለት ጣቱ ነካ ያደርገዋል። መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት፤ መሃል ላይ ሳይዝ፣ ሳይንቋቋ። ኩሽኔታውን የሚጫነው ዳዶ ትንሽ ከጠበቀ መሪው ይከብድና ሞተሩ መንገድ ላይ ይንገዳገዳል። ትንሽ ከላላ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይንኳኳል፣ ፍጥነት ሲጨመር እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ መሃል ያለችው ልክ ከፀጉር የቀጠነች ናት፤ የሚያውቃትም ጣት ብቻ ነው። አባቴ ልኳን ሲያገኛት ሁሉን መልሶ ይገጥምና የመጨረሻው ዳዶ አናት ላይ ቀይ ነጥብ ያደርጋል። ቀለሙ መጀመሪያ የእናቴ ነበር። ስትሞት ግማሽ ጠርሙስ ትታ ሄደች፣ እሱም መጣሉ ከበደው። ዛሬ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቀይ ነጥብ አለው ወይ ብሎ ያያል።

እንግዲህ እነዚያ ሁለት ጣቶች ሞቱ።

ስኳር በሽታ ነው የገደላቸው፤ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። እኔ ያወቅኩት አንድ ቀን የጋለ ጭስ ማውጫ በባዶ እጁ ይዞ ቀልድ ሲያወራ ነው። ቀልዱ ሳያልቅ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። "አባዬ፣ እጅህ!" አልኩት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። ከዚያ፣ "የሠራተኛ ቆዳ ወፍራም ነው፤ እንዳንቺ ሻሽ መሰለሽ?" ብሎ ቀልዱን ጨረሰ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያን ቀን ወዲያ የሠራውን መንካት ጀመርኩ። የመጀመሪያው የዳቦ አመላላሹ ሞተር ነበር፤ መሪው እንደ ሐሜተኛ አፍ ላልቶ አገኘሁት። ሁለተኛው ደግሞ ጠብቆ ቀጥ ብሏል። ጉልበቱማ አለ፣ የዛገ ቡሎን ከኔ ፈጥኖ ይፈታል። ልኩ ነው የጠፋው። እንግዲህ ምን ይዋጠኝ? ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መርፌውን ሊወጋና አፉ ላይ ጣል ሊያደርግ ሲገባ እኔ እፈታለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ነጥቧን መልሼ አደርጋለሁ። እሱ ከሰዓት ይመጣና፣ "ዘንድሮ አንድም ሰው ተመልሶ አልመጣብኝም!" ይላል ደረቱን ነፍቶ። "እጅህ ይባረክ አባዬ" እላለሁ። 

ለምን አልነገርኩትም? ቀላል ይመስላችኋል! አንዴ ብቻ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ "አባዬ፣ የመሪውን ነገር ለኔ ብትተወው ምን አለ? ወገብህም ይረፍ" ብዬ ነበር። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፤ ጨው አቀብዪኝ እንኳን ሲል ለግድግዳው ነበር የሚናገረው። አባቴ ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የለውም። እናቴ ከሞተች በኋላ የሚያነሳው፣ የሚጥለው፣ የሚመካበት እሱኑ ነው።

ባሌስ? ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ድርጅቱ ለጥቂት ወር ብሎ ሌላ ከተማ ላከውና እዚያው አስቀረው። እነሆ ሁለት ዓመት ሞላን፣ ባልና ሚስት በስልክ። ትዳራችን ባትሪ ሲያልቅ ይቋረጣል። ነይ ይለኛል፣ መጣሁ እለዋለሁ፣ አልሄድም። ስለ አባቴ ጣት ለሱም አልነገርኩትም። ደግ ነው፣ ግን ሆዱ ምስጢር አይችልም፤ ለኔው ብሎ በማግስቱ ደውሎ ለአባቴ ይነግረዋል። ስለዚህ ባሌ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቱ ከሱ ይልቅ አባቷን መርጣለች። አልመረጥኩም! እኔ ከሄድኩ በሳምንቱ አንድ ሰው የሆነ ቁልቁለት ላይ ይሞታል፣ እሱ ነው የያዘኝ። ተናግሬ አልወጣ፣ ዝም ብዬ አልሄድ፤ እጅ እግሬ ተሳስሮ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን አዋላጇ ስኩተሯን እየገፋች መጣች። አባቴ የሚወዳት ደንበኛ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ልጇን ከኋላ አድርጋ ትምህርት ቤት ታደርስና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

"ጋሼ፣ መሪው አልታዘዝ አለኝ" አለች። "ወደ ቀኝ ስለው ወደ ቀኝ ለመሄድ ያመነታል።"

"ልክ እንደኔ ልጅ ነዋ" አለ አባቴ። "ነይ ቁጭ በይ። ከሰዓት ተረኛ ነሽ? ትደርሻለሽ።"

ከበራችን አጠገብ መቀመጫ ሰፊው አለ። የሞተር ወንበር በቆዳ የሚያለብስ፣ የአባቴ እኩያ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን እያንጣጣ ወሬ የሚለቅም ሰው ነው። አዋላጇ ሄዳ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ የሱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ሥራውን ጀመረ። ክዳኑን አነሳ። መሪው የሚሰካበትን ብረት እኛ ግንድ እንለዋለን፤ መሪውን ከግንዱ ጋር አንቆ የሚይዘውን ቡሎን ፈትቶ መሪውን አወጣ። ኩሽኔታዎቹን ቀየረ፣ ግራሶ ሞላ፣ ዳዶውን አጠበቀ። ከዚያ መሪውን ለመፈተኛ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው።

መሪው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጭራሽ አልወደቀም።

"አየሽ?" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ቅቤ!"

"አየሁ አባዬ" አልኩ።

መሪውን መልሶ ሰካ፣ ቡሎኑን አስገባ፣ ዳዶውን እስኪጮህ አጠበቀው። ነጥቧን አደረገ። "መርፌዬን ወግቼ ልምጣ፤ ክዳኑን ስመለስ እገጥመዋለሁ። ከዚያ ነድቼ አይልሻለሁ" ብሏት ወደ ጓሮ ገባ። የኛ ቤት ሕግ ነው፤ የጠገነው ሰው ከባለቤቱ በፊት ራሱ ይነዳዋል።

ወዲያው ስኩተሩን ተጠጋሁት። ቡሎኑን ፈታሁ፣ መሪውን አነሳሁ፣ የኩሽኔታውን ዳዶ ትንሽ አላላሁ፤ አሁንም ትንሽ። በጣቴ ነካ ሳደርገው መሪው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወደቀ። እሰይ። መሪውን መልሼ ሰካሁ፣ ቡሎኑን አስገባሁ፣ ዳዶውን በጣቴ ጫፉ ላይ አስያዝኩት። የአባቴ ነጥብ ገና ሳትደርቅ በጣቴ ተፍቃ ስለነበር ጠረግ አድርጌ አዲስ ቀባሁ።

አዎ፣ ሳላጠብቅ ነው የቀባሁት። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የማደርገው፣ ምክንያትም አለኝ። አባቴ የሠራውን መዳበስ ይወዳል። አንዴ አጥብቄ ከጨረስኩ በኋላ ቀብቼ፣ መጥቶ ቢነካው ጣቱ ቀይ ሆነ። "ይሄ ከጠዋት ጀምሮ አልደረቀም እንዴ?" ብሎ ልቤን ቀጥ አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ እቀባለሁ፣ እፍ እላለሁ፤ ቀለሙ አናቱ ላይ ስለሆነ መፍቻው አይነካውም፤ አጥብቄ ስጨርስ ደርቆ ይጠብቀኛል። ብልህ ነኝ አይደል? ብልህነቴን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

እፍ እያልኩ ስልኬ ጠራ። ባሌ ነው። የመቀመጫ ሰፊው የስፌት መኪና ይንጣጣል፣ ምንም አይሰማኝም፤ አሮጌ ጎማ ወደምንከምርበት ጥግ ሄድኩ።

"ቤት አገኘሁ" አለኝ። "ሁለት ክፍል። መስኮቱ ወደ ግቢ ነው። አከራይዋ ቁርጡን ንገረኝ እያለችኝ ነው።"

"ጥሩ ነው" አልኩት።

"ጥሩ ነው አትበይኝ። እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን ጭኜ አንቺን ከፊት አስቀምጬ እመለሳለሁ። ካልሆነ ደግሞ አሁን ንገሪኝ። አልቆጣሽም፣ አልሰድብሽም። ግን ሌላ ሁለት ዓመት አልጠብቅም። ሰው ነኝ እኮ፣ የኔ ሴት።"

ሰው ነኝ እኮ ያላት አንጀቴን በላችው። ቢጮህብኝ እጮህበት ነበር። ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። የራሴ ቤት አማረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ መብላት አማረኝ። ልጅ አማረኝ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ለማን ልንገረው!

"እሁድ ና" አልኩት።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው። ዛሬ ማታ ለአባቴ እነግረዋለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ።"

"ሁሉንም ምን?"

መልሱ ከአፌ ሳይወጣ የስኩተሩን ድምፅ ሰማሁ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አባቴ አዋላጇ እንዳትዘገይ ብሎ ምሳውን ትቶ፣ መርፌውን ብቻ ወግቶ ተመልሷል። ዳዶውን አይቷል፣ ቀይ ነጥቡ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሌላ ምን ይፈልጋል? ክዳኑን ገጥሞ ተቀምጦበታል። ከሥራ ቦታችን እስከ በሩ ቀጥ ያለ ነው፣ መሪ መጠምዘዝ አያስፈልግም። ከበሩ ውጭ ግን ወዲያው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ከታች የጭነት መኪና ይመጣል።

"አባዬ! አባዬ ቁም!"

የስፌት መኪናው ይንጣጣል፣ እሱም አልሰማኝም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ብረት በሁለት እጄ አነቅኩትና ተረከዜን መሬት ላይ ተከልኩ። ስኩተሩ ተንፏቀቀ፣ ዘመመ፣ አባቴን ይዞ በጎኑ ተኛ። በሩ ደፍ ላይ።

"አብደሻል? ልትገድዪኝ ነው?" አለ ከመሬት እየተነሳ። ጉልበቱ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አዋላጇና መቀመጫ ሰፊው እየሮጡ መጡ። አባቴ እየተራገመ ስኩተሩን ሊያነሳ መሪውን ያዘ። መሪው በእጁ ውስጥ ዞረ። ጎማው ቀጥ ብሎ እንዳለ ቀረ።

እንደገና አዞረው። መሪው ወዲህ፣ ጎማው ወዲያ።

"ወይኔ ልጄን!" አለች አዋላጇ እጇን አፏ ላይ ጭና። "ነገ ጠዋት ልጄን ከኋላ አድርጌ በዚህ ልወርድ ነበር?"

አባቴ ክዳኑን አነሳ። ቀይ ነጥብ ያለበትን ዳዶ በጣቱ ገፋ ቢያደርገው እንደ ጠርሙስ ክዳን ተሽከረከረ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጆቹን አየ፣ ፊትና ጀርባቸውን። እዚያው ያለ ጎማ ላይ ቁጭ አለና እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተታቸው።

"ረሳሁት" አለ። "ነጥቡን አድርጌ ማጥበቁን ረሳሁት።"

"ኧረ ወንድሜ..." አለ መቀመጫ ሰፊው።

"ተወኝ። ዛሬ ሰው ገድዬ ነበር። የሰው ልጅ ገድዬ ነበር።" ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ያን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። "በቃኝ። ወንድሜ፣ በሩን ዝጋልኝ። ሁለተኛ መፍቻ አልይዝም።"

እግዜር ያሳያችሁ። ሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረው በር ያ ነው፤ ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ። በቃኝ ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። ከእንግዲህ ማንም በሱ እጅ አይጎዳም። ጋራዡ ይዘጋል፣ እሁድ ባሌ ይመጣል፣ አባቴንም ቢሆን አብሬ እወስደዋለሁ። ከኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እሱንማ ለምጄው የለ!

ግን ዳዶውን አጥብቆት ነበር። እስኪጮህ ነው ያጠበቀው። የኔን ጥፋት ታቅፎ፣ እስኪሞት ድረስ የአዋላጇን ልጅ በሕልሙ እየገደለ ሊኖር ነው። ፊቱን ባላየው ኖሮ እችል ነበር መሰለኝ። አየሁት። አባቴ ባንዴ ሽማግሌ ሆነ፣ እዚያው ዓይኔ ሥር።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አልኩ።

ቀና አለ። "ምን?"

"አንተ አጥብቀኸው ነበር። እኔ ነኝ የፈታሁት። ስልክ ተደወለልኝና ሳላጠብቀው ሄድኩ። ነጥቧም የኔ ናት።"

"አጥብቄው ነበር?"

"አጥብቀኸዋል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ነው የፈታሁት አባዬ።"

እጆቹ ከብብቱ ወጡ። ደም ወደ ፊቱ ሲመለስ አየሁት። አዋላጇ ወደኔ ዞራ የሚወርድብኝን ሁሉ አወረደችብኝ፤ እፍረት የለሽም ወይ፣ በሰው ነፍስ ትቀልጃለሽ ወይ፣ ስልክሽን ገደል ይክተተው አለችኝ። ልክ ናት። ዓይኔ ግን አባቴ ላይ ነበር።

"ለምን ፈታሽው?" አለኝ።

ይኸው ጥያቄው መጣ። ሦስቱም አዩኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፦ መሪው ጠብቆ ስለነበር፤ ጣትህ ስለማይሰማ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሠራኸውን ሁሉ ስለፈታሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ግን አሁን ነፍስ የዘራ ሰው ነው ፊቴ የተቀመጠው። አሁን በዚህ እጄ ያነሳሁትን በዚያ እጄ ልጣለው? በደንበኛው ፊት?

"ግራሶ ያነሰው መስሎኝ" አልኩ።

"ግራሶ!" አለና ሳቀ። ብድግ ብሎ መቀመጫ ሰፊውን ትከሻውን መታው። "ሰማህ? የኔ ሥራ ግራሶ አነሰው! ወይ ዘመን! እኔማ ነገሩ አልገባኝ ብሎ ነበር፤ ይሄ እጅ እኮ አይረሳም!"

"ጋሼ" አለች አዋላጇ፣ "ከእንግዲህ የኔን እርስዎ ብቻ ይንኩት። እሷ እንዳትጠጋው። እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ፤ ዛሬ የሆነውን ለሁሉም እነግራለሁ።"

"ማንም አይጠጋውም" አለ አባቴ። ቡሎኑን ራሱ አጠበቀ፣ እኔን እያሳየ። ነጥቧን ራሱ አደረገ። ነድቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ወጣ፤ ስኩተሩ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወላገድ መጣ። "ቅቤ!" አለ ሲወርድ። አዋላጇ መርቃው ሄደች፤ እኔን ገልመጥ አድርጋኝ።

ከዚያ ጠራኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ባልሽ ነው የደወለው?"

"አዎ።"

"ልብሽ እዚያ ነው ልጄ። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው መሪ አይነካም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ለራሴ ብዬ ይዤሽ ነው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ላንቺ ልንገርሽ። ሰሞኑን ጣቴን እጠራጠረው ነበር። የሚደነዝዘኝ ይመስለኛል። እሷ ብትሄድ ምን እሆናለሁ እያልኩ፣ አፍ አውጥቼ ሂጂ ማለት አቃተኝ። ዛሬ ግን አየሽ፣ እሱ ሁሉ የፍርሃቴ ነው። አጥብቄው ነበር አይደል?"

"አጥብቀኸው ነበር" አልኩ።

"በይ እንግዲህ። እሁድ ባልሽ ይምጣ፣ መርቄ እሸኝሻለሁ። ዕቃሽን መሸከፍ ጀምሪ።"

አሁን ሳቁ ወይ አልቅሱ። ሁለት ዓመት አልለቀቀኝም ብዬ ያማረርኩት ሰው ለቀቀኝ። የለቀቀኝ ጣቴ ደህና ነው ብሎ ስላመነ ነው። እንዲያምን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሂጂ ባይለኝ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እሱን እወቅስ ነበር።

ሳለቅስ ያየኝ መቀመጫ ሰፊው ነው። ቀስ ብሎ መጣ።

"ግራሶ አልነበረም አይደል?" አለኝ። "እኔ እኮ ምሳ ሰዓት ላይ የምትሠሪውን ከዚያ ሆኜ አይሻለሁ። ዓይኔ ቆዳው ላይ ብቻ ነው መሰለሽ?"

"አውቀህ ነው ዝም ያልከው?"

"ዝምታ ወርቅ ነው ብዬ ነዋ። ንገሪው እንጂ ልጄ።"

"አንተ ንገረው። እኩያህ ነው፣ ወዳጅህ ነው።"

"እኔ?" ወደ ኋላ ሸሸ። "ጦሜን ልደር! አርባ ዓመት የተገነባ ጉርብትና በአንድ ቃል ላፈርስ? አባቱ ሲሞት እንኳን ያረዳሁት እኔ አይደለሁም።" መኪናው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ወዲያው ማንጣጣት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ አመላላሹ መጣ። የፊት እግሩ ዘይት ያፈሳል፣ መሪውም ይንኳኳል። አባቴ እያፏጨ ተቀበለው። እንዲያ ሲያፏጭ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እጄን ልሰድ ስል፣ "ራቅ በይ፣ አንቺ ሙሽራ ነሽ" ብሎ አባረረኝ፤ ዳቦ አመላላሹም ሳቀብኝ። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። "እውነት ነው እንዴ ስትፈቺ የተያዝሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። በሩ ላይ ቆሜ አባቴን አየሁት። ዘይቱን አቆመ፣ ደህና አድርጎ ሠራው። ዳዶውን አጠበቀ። ጎማውን አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው።

መሪው መሃል ላይ ቆመ። ፈቀቅ አላለም።

"ቅቤ!" አለ አባቴ፣ ነጥቧን አደረገና እጁን በጨርቅ ጠረገ። "የምትንኳኳውም ቀርታልሃለች። ነድቼ ልይልህ ባልኩ ነበር፣ ይቺ ልጅ የላጠችው ጉልበቴ ግን አሁን አብጧል። ለዛሬ ራስህ ንዳው።"

የባሌ ስልክ መጣ። ቀን ያቋረጥኩበት ሰው አሁንም ደግ ነው፤ ድምፁ ይስቃል።

"ነገርሽው?"

"ሂጂ ብሎኛል" አልኩት። "እመርቅሻለሁ ብሎኛል።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ሴት! እኔ ደግሞ ስንት ነገር ሳስብ። ለአከራይዋ አሁኑኑ ልደውልላት። ጠዋት ልምጣ ወይስ..."

ዳቦ አመላላሹ ቅርጫቶቹን በገመድ እያሰረ ነው። በአንድ እጁ የራስ ቁሩን ያጠልቃል።

"አትምጣ" አልኩት።

"ምን?"

"አትምጣ። ቤቱንም ተውላት።"

 ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። "ምነው? መልሶ ከለከለሽ?"

"አልከለከለኝም።"

"ታዲያ ማን ነው የከለከለሽ?"

 ባሌ ጥቂት ጠበቀኝ። ሁልጊዜ ጥቂት ይጠብቀኛል።

"ከለከለኝ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር" አለና ዘጋው።

ዳቦ አመላላሹ ሞተሩን አስነሳ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ አባቴ በማይሰማው ድምፅ፣ "ወንድሜ፣ ቆየኝማ፣ መታጠፊያው ጋ ጠብቀኝ" እያልኩ፣ መፍቻዬን ይዤ ከኋላው ወደ በሩ ሮጥኩ።